አባፎጊ መቆጣት የተዉ ሰሞን

በእኔና በአባፎጊ ቡና መካከል አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ቆሟል። ግንዱ ከእኔ በኩል ነው። ቅርንጫፉ ግን አጥሩን አልፎ የእሳቸውን ቡና ያጠላል፤ አንደኛው ክንዱ ደግሞ ከቤታቸው ቆርቆሮ በላይ ተዘርግቷል። በዚህ ዛፍ ስንጣላ ኖረናል። ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ጠባችንን ያውቀዋል። ገበያ ስወጣ እንኳ "ዛፉ ደህና አደረ?" ይሉኛል።

አባፎጊ ከጅማ በኩል የመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ገጀራቸውን ይዘው ይመጡና በጀርባው ግንዱን ይመቱታል። ከዚያ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ።

"ሰማሽ? ዱም ይላል። ይኼ ከበሮ እንጂ ዛፍ አይደለም።"

"ከበሮ ከሆነ ለመውሊድ ይምቱት" እላቸዋለሁ።

"ወላሂ አንድ ቀን እኔን ከነሀጂራ ከነፍየሎቼ ይደፈጥጠናል፤ ያን ጊዜ ትስቂያለሽ። አንቺ ሴትዮ፣ ሆዱ ባዶ ነው እያልኩሽ እኮ ነው! እንደ ምርጫ ሰሞን ቃል ባዶ ነው!"

ሚስታቸው ሀጂራ ከቤት ሆና "እናንተ ሰዎች፣ ዛፉ ራሱ ሰልችቶት ይወድቃል" ትላለች። ሦስታችንም እንስቃለን። በማግስቱ እንደገና እንጀምራለን።

ዛፉን የማላስቆርጠው ለጥላው ብዬ አይደለም። ላዩ ላይ የአስረስ ቀፎ አለ። አስረስ የበኩር ልጄ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ቡናውን እሱ ይዞት ነበር፤ ዋጋው ሲወድቅበት ተማረረና ከዲማ ወዲያ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ሄደ። ከመሄዱ በፊት በገመድ እዚያ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ሰቀለ። እኔ ከታች ሆኜ "በቃህ፣ ውረድ፣ ልትገድለኝ ነው" እያልኩ ስጮህ እሱ ከላይ ይስቅብኝ ነበር። ሲወርድ እጁ ተልጦ፣ ፀጉሩ ቅጠል ሞልቶት ነበር።

"እማዬ፣ ማሩን ማንም አይንካው። ለፋሲካ መጥቼ እኔው አወርደዋለሁ" አለኝ።

ስለዚህ ዛፉ ከተቆረጠ አስረስ የሚመጣበት ምክንያት አብሮ የሚቆረጥ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለአባፎጊ ነግሬያቸው አላውቅም። ግን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ሲቆጡ እንኳ ስለ ቀፎው ክፉ ተናግረው አያውቁም።

ፊደል መቁጠር የጀመርኩትም በአስረስ ምክንያት ነው። ስልኬን ይዤ ጎረቤት ለጎረቤት "የልጄን ስም አውጡልኝ" እያልኩ መዞሩ አሳፈረኝ። በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ተመዘገብኩ። መምህራችን ሰርካዲስ ልጅ እግር ናት፤ "እትዬ ተሾመች፣ መጀመሪያ ምን ቃል መጻፍ ይፈልጋሉ?" አለችኝ። "አስረስ" አልኳት። ሰሌዳው ላይ ጻፈችልኝ። ሁለተኛውና የመጨረሻው ፊደል አንድ መሆኑን ሳይ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ስሙን ስልኬ ውስጥ ራሴ አገኘሁትና ደወልኩ፤ ዕድሌ ሆኖ ከተማ ወጥቶ ነበር። "ማን ፈልጎ አወጣልሽ?" አለ። "እኔው" አልኩት። "እማዬ ተማረች! ኧረ ስሙ!" ብሎ ለጓደኞቹ ሲጮህ ሰማሁት።

ቁፋሮው ጋ ኔትወርክ የለም። የሚደውልልኝ ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ ነው። በየካቲት ማለቂያ ላይ ስልኩ ጠፋ። ስደውል ያቺ ሴትዮ "አሁን ማግኘት አይቻልም" ትለኛለች። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ጉድጓዱ ይናዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ቆፍረው ከሥር ወደ ጎን እንደ ፍልፈል ይሄዳሉ ይላሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል በደንብ አልወርድልኝ ብሎ ነበር። ግን ልጆች ስልክ ይጥላሉ፣ ይሰረቃሉ፣ ይሸጣሉ። እንዲህ እያልኩ ቀኑን አሳልፋለሁ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለና ቡናው አበበ። አገሩ ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ንቦቹ ከጠዋት ጀምረው ይጮኻሉ። በማግስቱ ብርቱ ንፋስ ነበር፤ ከቀረሮው አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሰብሮ አባፎጊ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ዛሬስ ጉድ ፈላ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው።

መጡ። ገጀራ አልያዙም። አጥሩ ጋ ቆሙና ቀና ብለው ቀፎውን አዩት፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

"ተሾመች" አሉኝ፣ "ዛፉን ተይው። ይቁም። አላህ ያቆመውን እኛ ምን አገባን።"

"አሞዎታል እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቁም። የወደቀውን ቅርንጫፍ ራሳቸው ፈልጠው አመጡና በራፌ ላይ ደረደሩልኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተነቀለውን አጥሬን ሲያበጁ አገኘኋቸው። "ተዉ አባፎጊ፣ እኔ አሠራዋለሁ" ስላቸው "ምን አለበት፣ ምን አለበት" አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ሀጂራ ጎደሬ ቀቅላ ይዛልኝ መጣች። ሀጂራ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ባሏን፣ ምራቷን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ሳታማ ቁጭ ብላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ጉልበቷን አቅፋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ስትሄድ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ሰው ደግ ሲሆንለት የሚፈራ ይኖራል? እኔ ፈራሁ። ለራሴ ሌላ ምክንያት ልሰጠው ሞከርኩ። ሽማግሌ መክሯቸው ይሆናል አልኩ። አርጅተው ይሆናል አልኩ። አንድ ሰው ብቻ ቢለወጥ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል።

አጸደ በዚያው ሳምንት መጣች። አጸደ ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ቴፒ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሁለተኛ ዲግሪ ሒሳብ ትማራለች። የምትመጣው ለበዓል ነው ብዬ ነበር። በሥራ ቀን፣ ጥበቡ ከሚባል መምህሯ ጋር፣ አንድ ሣጥን አሸክማ በባጃጅ መጣች። ስታቅፈኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም።

"ምን ሆነሽ ነው ድንገት የመጣሽው?" አልኳት።

"የአንቺንና የአባፎጊን ጠብ ሳይንስ ይዳኘው ብዬ ነው" አለችና ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ሳይበሳ፣ መሃሉን የሚለካ መሣሪያ ነው። አልገባኝም። ከደብተሬ መሃል ላጲሴን አንስታ በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው።

"ይኸው እማዬ፣ ስጫነው ዳሩ በእኩል ያብጣል። ውስጡ ክፍተት ቢኖረው ግን በእኩል አያብጥም፤ አንዱ ጋ ይሰምጣል፣ ሌላው ጋ ይወጣል። ላጲሱን ሳትቆርጪው፣ ዳሩን ብቻ እያየሽ፣ ክፍተቱ የት እንዳለ ታሰያለሽ። የእኔ ትምህርት ይኼ ስሌት ነው።"

"ዛፉንስ እንዴት ትጫኚዋለሽ?"

"ዛፉን በመዶሻ መታ እናደርገዋለን። ድምፁ በጤነኛ እንጨት ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ባዶ ቦታ ካገኘ ዞሮ ይሄዳል፣ ይዘገያል። ዙሪያውን ሚስማር እንመታና አንዱን ስንመታ ሌሎቹ መቼ እንደሰሙ እናያለን።"

"አንድ ሚስማር አይበቃም?"

"አንድ ሚስማር ይዋሻል" አለች። "ቅርፊቱ ሥር ትንሽ ቁስል ቢኖርም ያዘገየዋል፣ መሃሉ ባዶ ቢሆንም ያዘገየዋል። ከአንድ ጎን ሁለቱ አይለዩም። ዙሪያውን ጠይቀሽ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ ነው የምታምኚው።"

በማግስቱ ጠዋት ለኩት። አባፎጊና ሀጂራም መጥተው ቆሙ። ጥበቡ አጫጭር ሚስማሮች በደረት ልክ ዙሪያውን መታ፤ በየሚስማሩ ላይ ትንሽ ነገር አንጠለጠለ፤ ሽቦውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። "እናቴ፣ ዛፉ አያመውም፤ ቀዳዳዎቹን ራሱ ይዘጋቸዋል" አለኝ። አጸደ በመዶሻዋ እየዞረች መታች። አባፎጊ በሚመቱት ቦታ ስትደርስ "እዚህ ጋ ዱም ይላል" አሏት በቀስታ።

"እውነትዎን ነው" አለች አጸደ። "እዚህ ጋ ይዘገያል።"

ቀና ብዬ ቀፎውን አየሁ። አጸደ ዞራ ከእኔ በኩል መታች፣ ከመንገዱ በኩል መታች፣ ብዙ ጊዜ ቆየች። በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ አንድ ክብ ሥዕል ወጣ። ቡናማ ነው፤ ከዳሩ ብቻ፣ ከአባፎጊ በኩል፣ የጥፍር ያህል ሰማያዊ ነበረችው።

"የቆየ ቁስል ነው፣ ቅርፊቱ ሥር" አለች። "አባፎጊ የሰሙት እሱን ነው። መሃሉ ግን ድፍን ነው። ዛፉ ጤነኛ ነው እማዬ።"

እልል አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። "በሉ አባፎጊ፣ ከበሮውን ይዘው ይግቡ! ልጄ ለፋሲካ መጥቶ ማሩን ሲያወርደው ለእርስዎም አንድ ሰሐን አለዎት!" አልኩ።

የተቀበለኝ የለም። እልልታዬ ብቻውን ቀረ። ሀጂራ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችው። አባፎጊ ወደ ቡናው ዞሩ። ጥበቡ፣ ከትናንት በፊት አይቶኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሽቦውን ለመጠቅለል ጎንበስ አለና ቀና ሳይል ቀረ። አጸደን አየኋት። ሥዕሉን እያየች ነበር፤ ግን ሥዕሉን የሚያይ አይን አልነበረም።

ግንዱን ተደገፍኩ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም፤ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ስልኬ የት ነው? አጸደ እንደመጣች "ባትሪው አርጅቷል፣ አስቀይርልሻለሁ" ብላ ወስዳዋለች፤ አልመለሰችልኝም። ሰርካዲስስ? ሁልጊዜ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ ታደርጋለች። ባለፈው ክፍል "አስረስ ለፋሲካ ይመጣል" ብዬ ጽፌ ሳሳያት "ጎበዝ" አላለችኝም። ሰሌዳውን አጠፋችና ራሴን አመመኝ ብላ ሁላችንንም አሰናበተችን። የእድራችን ዳኛ መንገድ ላይ ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አባፎጊ፣ ሀጂራ፣ ሰርካዲስ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የገዛ ልጄ። ከየትኛውም ጎን ብጠይቅ የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። የቅርብ ዘመድ ከሩቅ ይጠበቃል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይመረጣል። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት አፉን ይዘጋል፤ ልጅ ለእናቷ አትነግርም። እኔም ለሌሎች እንዲህ አድርጌያለሁ። ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ተቀምጬ፣ ሳታውቅ፣ እየሳቅሁ ሽንኩርት ልጬያለሁ። አይኔ ቢቀላ በሽንኩርቱ እንዲመካኝ ነበር።

ያን ዕለት ጥበቡ ወደ ቴፒ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ ማታ ጓዳ ስገባ አጸደ ሽንኩርት ትልጣለች። የሁለት ሰው ወጥ የማይፈልገውን ያህል ነበር፤ ትሪው ሞልቷል።

"በዛ" አልኳት።

"ለነገ ጭምር ነው።"

"ነገ ሰው ይመጣል?"

መላጧን ቀጠለች።

"አጎትሽ በላይነህ ከጅማ ተነሥቷል?"

እጇ ቆመ። ቢላው በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ በላይ መታ ማድረግ አላስፈለገኝም።

"አጎቴን ደግሞ ምን አመጣው?" አለች፣ ድምፅዋ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስል። እንባዋ ሽንኩርቱ ላይ ይንጠባጠባል። በክንዷ ጠረገችው። "ሽንኩርቱ ነው እማዬ።"

ወንድሟ ነው። ይኼን ሁሉ ቀን ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ማልቀስም አልቻለችም፣ መንገርም አልተፈቀደላትም። እኔን ብቻዬን ላለመተው ብላ መሣሪያዋን ሰበብ አድርጋ መጥታለች። አሁን ብጠይቃት ትነግረኛለች። ነግራኝም ዕድሜዋን ሙሉ "ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ" ስትል ትኖራለች።

"አውቃለሁ" አልኳት፣ "ሽንኩርቱ ነው።" አጠገቧ ተቀመጥኩና ሌላ ቢላ አነሣሁ። አብረን ላጥን።

ሊነጋ ሲል ተነሣሁ። ቤቱን ጠረግሁ። አግዳሚዎቹን ወደ ደጅ አወጣሁ። የጆሮ ጌጤን አወለቅኩ። የእግር ድምፅ ስሰማ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው። ከፊት በላይነህ ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ድረስ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶበት ነው የዘገየው። የእድሩ ዳኛ ከጎኑ ነው። ከኋላቸው አባፎጊ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከዲማ የመጣው ሰው መጀመሪያ ያገኘው እሳቸውን እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ያወጣኋቸውን አግዳሚዎች አዩና እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ግቡ" አልኳቸው። "አውቄዋለሁ። ግን በቃል ንገሩኝ፤ እስካሁን በቃል የነገረኝ የለም።"

በላይነህ ወደ እኔ ቀረበ። ከዚያ "አስረስ የለም፣ ተሾመች። ጉድጓዱ ተናደበት። እዚያው ቀብረውታል" አለ።

ቀድሜ ማወቄ የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ዙሪያውን ለክቼ፣ አስልቼ፣ አምኜ፣ አግዳሚ አውጥቼ ጠብቄያለሁ። ግን ከዳር የሚታወቅ ነገር አንድ ነው፤ ተከፍቶ ሲያዩት ሌላ ነው። የጮህኩትን ጩኸት ሀጂራ እስከ ዛሬ ስታስታውሰው ጆሮዋን ትይዛለች።

አፈሩ ከላይ ሲያዩት ደረቅና ጠንካራ ነበር አሉ። ጓደኞቹ ረግጠውት፣ ዘለው ሞክረውት ነበር አሉ። የረገጡት ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። አጸደ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ቡናው ውስጥ ገባች፤ እስክትመለስ ድረስ ማንም አልተከተላትም።

ፋሲካ አለፈ። አጸደ ወደ ቴፒ ተመለሰች። ሰርካዲስ ቤቴ ድረስ እየመጣች "እትዬ ተሾመች፣ ቦታዎ ክፍት ነው" ትለኛለች፤ ገና ነኝ። ስልኬ ተመልሶልኛል። ስሙ አሁንም ውስጡ አለ፤ አላጠፋሁትም።

ግንቦት ገብቶ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። አባፎጊ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አየኋቸው። ደህና አደርሽ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉ ነው። ሰዉ ሁሉ እንደዚህ ሆኖብኛል፤ ሁሉም ይለዝብልኛል። በለዘቡልኝ ቁጥር ደግሞ መርዶው እንደ አዲስ ይነገረኛል።

"አባፎጊ" አልኳቸው፣ "ዛፌን አይመቱትም?"

"ጤነኛ ነው ተብሏል እኮ።"

"ቢባልም። ሰማዩ ጠቁሯል። እባክዎን አንድ ጊዜ ይቆጡኝ፤ እንደ ድሮው።"

ቆመው አዩኝ። ወደ ቤታቸው ገቡ። ተቀየሙኝ ብዬ ነበር። ገጀራቸውን ይዘው ወጡ። ሚስማሮቹ የወጡባቸው ቀዳዳዎች ገና አልተዘጉም፤ ሙጫ አንጠባጥበዋል። ከእነሱ ዝቅ ብለው በገጀራው ጀርባ ግንዱን መቱት፤ ጆሯቸውንም አዘነበሉ።

"ሰማሽ?" አሉ። "ዱም ይላል። አንቺ ሴትዮ... ይኼ ዛፍሽ..."

"ከበሮ ከሆነ ለመውሊድ ይምቱት" አልኳቸው።

ሀጂራ ከቤት ምንም አላለችም። አባፎጊ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ እንዳስጠጉ ቀሩ፤ ፊታቸውን ማንሣት አቃታቸው። እኔም ከእኔ በኩል ሄጄ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጡ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከላይ፣ ማሩ ሞልቶ ማንም ባላወረደው ቀፎ ላይ፣ ንቦቹ ይጮኻሉ።